መጀመሪያ የማትቆም ቃል

ወሬው ከሹፌሩ አፍ ያመለጠው የማታው የሩሲያኛ ትምህርት ሳይጀመር፣ አብራው ለምትማረው ልብስ ሰፊ ወንበር ሲያቀብላት ነው።

«እህቴ፣ አንቺ ደሞ ምን ያደክምሻል? ባልሽ እንደሆነ ብቻውን ተመዝግቧል።»

የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጭው አለ። ባሕር ማዶ ያለው መርከብ መሥሪያ በያጅም ሸራ ሰፊም ይፈልጋል፤ የሩሲያኛ ፈተና ያለፈ ይሄዳል፣ የወደቀ ይቀራል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል። የሁለታችንንም ስም አስመዝግብ ብላ በያጅ ባሏን ከላከችው ሰንብታለች። እሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል፤ ቀና ብሎም አላያት።

መምህርቷ የሚያስተምሩት ሰውን በቃል ፈንታ እያቆሙ ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ያድላሉ፤ ተማሪዎቹ ሰሌዳው ፊት ተሰልፈው ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። የዛሬው በሩሲያኛ «ጎረቤት ቢያውቅ ኖሮ ይመጣ ነበር» የሚል ነው። ለበያጁ ዐረፍተ ነገሩን የሚከፍተው፣ እንደ «ከሆነ» ያለው «የስሊ» ደረሰው። ለሹፌሩ «ዝናል»፣ «ዐወቀ» የሚለው ግስ፣ ለልብስ ሰፊዋ ደግሞ «ቢ» የምትባል አጭር ቃል።

«ይቺማ እኛም ጋ አለች» አለ ሹፌሩ። «ቢያውቅ፣ ቢመጣ።»

«መልክ እንጂ ዝምድና የላቸውም» አሉ መምህርቷ። «የኛዋ ግሱ አንገት ላይ ተጣብቃ አትላቀቅም። የነሱዋ እግር አላት። ከየስሊ ጎን ትቆማለች፣ ሲያሻት ከግሱ ኋላ ትሄዳለች። የተከለከለችው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ አትቆምም።»

«ምስኪን! አዲስ ምራት በሏታ!» አለ ሹፌሩ።

ክፍሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ሄዳ ከባሏ ጎን ቆመች። ቦታዋ ትክክል ነበር።

«እውነት ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ቤት እናወራዋለን።»

«ቤት ስንገባ ትተኛለህ።»

«አሁን ሌላ አሰላለፍ» አሉ መምህርቷ። «ሰው ሲጫወት የስሊን ይተዋታል። ግሱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ቢ ትከተለዋለች። የስሊ፣ ይቀመጡልኝ።»

በያጁ ካርቶኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። «ያለኔ ይሆናል?»

«አሳምሮ።»

ሹፌሩ የሰልፉን ራስ ያዘ፤ እሷ ከኋላው ገባች። አንብቢው ስትባል ሳትደናቀፍ አነበበችው። «ዝናል ቢ ሰሴድ፣ ፕሪሾል ቢ።» ከዚያ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ደገመው። ባሏም ከተቀመጠበት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ጠፋበት፣ አፉንም ገጠመ። የቤት ሥራውን እስከ ዛሬ የምትሠራለት እሷ ናት። ስንፍና ይመስላት ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ያዘችው።

«ለምን ብቻህን?»

«አንቺ አልፈሽ እኔ ብወድቅ የት እገባለሁ? ሰዉ ምን ይለኛል?»

«ሰዉ እስከ ዛሬ ምን ብሎህ ያውቃል?»

«ብቻዬን ከወደቅኩ ማንም አይሰማም።»

«እኔስ?»

«ያንቺ ሆድ ሰፊ ነው። ይችላል።»

«ይኸው አልቻለም» አለች። «ነገ ሱቁን ሳልከፍት ሄጄ እመዘገባለሁ። አለፍክም ወደቅክም እፈተናለሁ።»

«አልፈሽ እኔ ከቀረሁስ?»

ሹፌሩ በመካከላቸው ሾልኮ፣ «ደኅና እደሩ» እያለ፣ ዐይኑን ሰብሮ ወረደ። የሱን እግር ኮቴ እስከ ታች ድረስ አዳመጠች።

«እሄዳለሁ» አለች። «እያለቀስኩም ቢሆን።»

በያጁ የደረጃውን መደገፊያ ብየዳ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ቆየ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«በይ እንግዲህ፣ ያቺ ባለ እግሯ የት የት ነው የምትቆመው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ እንደ ልጅ።»

ከጎኑ ተቀመጠች። ከማስረዳቷ በፊት ግን የምዝገባው ቢሮ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችው።

ነገራት።