ጉግሳ የሞላቸው ጥይቶች

«ባዶ ሆድሽን ጠመንጃ ልትተኩሺ ነው?» አልኳት ምስጢርን፣ የልጅ ልጄን።

«እማማ፣ መንገድ ላይ ሮሌክስ በልቻለሁ። እያየሽኝ!»

«ከዚያ እንቁላል ከተጠቀለለበት ቂጣ ግማሹን ነው የበላሽው።»

ሸረፈዲን ከመኪናው ኋላ ረጅሙን ሳጥን እያወረደ ሳቀ። «እትዬ አክበረት፣ ቢያስፈልግ ወደ ቡኮቶ ሰፈር ተመልሼ የማቶኬ ሙዝ አስቀቅልላታለሁ። ይረጋጉ።»

እንዴት ልረጋጋ! ከከተማው ዳር፣ ከሙንዮንዮ አልፎ ባለው የተኩስ ሜዳ ላይ ቆመናል፤ ከዛፎቹ ወዲያ ሐይቁ ያብለጨልጫል። ሸረፈዲን እንደኛ ከአገሩ የወጣ የጅማ ሰው ነው፤ ሱቅ አለው፤ ከባለቤቴ ከጉግሳ ጋር ያወዳጃቸው ግን ጠመንጃ ነው። ሁለቱም የሚሰበስቡት አንድ ጎራሽ ብቻ ነበር። አንዴ ተኩሰህ፣ ቀለሁን አውጥተህ፣ ሌላ ካላጎረስክ በቀር ዝም የሚል የድሮ ጠመንጃ። ጉግሳ «አንድ ጥይት ያለው ሰው አስቦ ይተኩሳል» ይል ነበር። አሁን ጠመንጃዎቹ በሸረፈዲን ፈቃድ ስር ናቸው።

ጉግሳ የሞተው አምና በሰኔ፣ ከተማው በኮሮና ሲዘጋ ነው። እኔ ያው በሽታ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቀበሩት አሉኝ። በእሱ አገር፣ በጎጃም፣ ተኳሽ ሰው ሲቀበር የገዛ ጠመንጃውን የገዛ ደሙ ይተኩስለታል። ባዳ ከተኮሰለት «ወገን ሳይኖረው ሞተ» ይባላል። አንድያ ልጃችን ዱባይ ነው፤ አሠሪዎቹ አልለቀቁትም። እዚህ ያለችው የጉግሳ ደም እኛ ዘንድ ያደገችው ምስጢር ብቻ ናት። እንግዲህ ለሙት ዓመቱ ውጅግራ ጠመንጃውን ልትተኩስለት መጣን።

ሸረፈዲን ከኪሱ የካርቶን ሳጥን አወጣ። «ጋሼ ራሳቸው በመጨረሻ የሞሏቸው ናቸው» አላት። «የዚህ ጠመንጃ ጥይት ሱቅ አይሸጥም። ቀለህ እየለቀሙ፣ ባሩድ እየለኩ፣ እርሳሱን እየገጠሙ በእጃቸው ነው የሚሠሩት። የእሳቸው እጅ ከፋብሪካ ይበልጣል። በራሳቸው ጥይት እንሸኛቸው።»

ምስጢር ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዱን ጥይት አንስታ ሳመችው።

እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የጉግሳን ነገር ሳልነግራቸው እንዲያልፍ ስጸልይ አድሬ ነበር። ባሩድ ሁለቴ የተሞላ ጥይት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ወንድሜን አድማሱን የጠመንጃው ኋላ ተፈናጥሮ አንድ ዓይኑን ወስዶበታል።

«አትተኩሺም» አልኩ።

«እማማ፣ ተስማምተን!»

«ይሄን ጥይት አትተኩሺም። ሸረፈዲን፣ ፍታው። ውስጡን እይልኝ።»

ሸረፈዲን ቅር አለው። «እትዬ፣ የጋሼን እጅ ሊጠራጠሩ?»

«ጉግሳ በመጨረሻው ራሱን አልነበረም።» ወጣ። ለማንም ያላልኩት ወጣ። «ቤቱ ይጠፋበት ነበር። ምግብ በልቶ ‹አልበላሁም› ይለኛል። ስምሽም ይጠፋበት ነበር፣ ምስጢር።»

«ስሜ?»

«‹ልጄ› የሚልሽ ለዚያ ነው።»

«ሲያቆላምጠኝ መስሎኝ» አለችና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ሸረፈዲን ተቀምጦ እርሳሱን በፒንሳ ነቀለ። ቀለሁን መዳፉ ላይ ገለበጠው። ጥቁር፣ ፍሬ ፍሬ ነገር ፈሰሰ። በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ግራ ገባው። እኔ ግን ካለሁበት ሸተተኝ።

«ጥቁር አዝሙድ ነው» አልኩ።

ሌላ ፈታ፤ አዝሙድ። ሌላ ፈታ፤ ባሩድ ከአዝሙድ ጋር ተቀላቅሎ። ያን ሰሞን ከወጥ ቤቴ የጠፋውን አዝሙድ ስፈልግ፣ ሠራተኛዋን በከንቱ ተቆጥቻት ነበር። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ቀለሁን እየሞላ፣ «ምን ሆነሻል አክበረት፣ አታስቸግሪያት» ይለኝ ነበር።

ሸረፈዲን ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ፊቴን አየና አፉን ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ከዚህ ሜዳ አይወጣም፤ ወላሂ።»

ምስጢር ሳትዞር ጠየቀችኝ። «ለምን አልነገርሽኝም? አብሬሽ አልነበርኩም?»

«አንቺ የምታውቂው ጉግሳ እንዲቆይልሽ ብዬ ነው።»

«ብቻሽን ቻልሽው?»

ብቻዬን ነው የቻልኩት።

ሸረፈዲን የራሱን ባሩድ አወጣና አንዱን ቀለህ ጠርጎ ሞላ። አጠገቡ ቆሜ እጁን እያየሁ፣ «እስቲ ድገምና ለካው» አልኩት። ለካው። «አሁንም አንዴ።»

«እትዬ፣ ከጉምሩክ ይብሳሉ!» አለኝ፤ ግን ለካው።

ምስጢር መጥታ ተቀበለችው። አጎረሰች። ዓይኔን ልጨፍን ብዬ አልቻልኩም። ተኮሰች። ነጭ ጭስ ዋጣት። ንፋሱ ጭሱን ሲገፍፈው እዚያው ቆማለች። ሮጬ አገጯን ይዤ ፊቷን ወዲህ ወዲያ አዞርኩት። ጭረት የለባትም።

ያኔ አምና ያልወጣልኝ ለቅሶ መጣ።

«አንድ አጉራሽ፣ አንድ ተኳሽ፣ የማይደግም ክንዱ፣
ማን ሊሸኘው ኖሯል፣ ርቆ ከዘመዱ!»

ብዬ ዝም አልኩ። አልቃሽ ይህን ያህል ካለች በኋላ ዝም ትላለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ጠበቅሁ። ሸረፈዲን አንገቱን ደፍቶ መዳፎቹን ዘርግቷል፤ በራሱ ወግ ዱዓ ያደርጋል። ምስጢር አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

«እማማ፣ ምን ልበል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ለቅሶ እንዲህ ቆመው የሚያስተምሩት ነገር አይደለም።

«ምንም አትበዪ፤ እጄን ብቻ ያዢኝ» አልኳትና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የገዛ ግጥሜን ራሴ ተቀበልኩ።