ከአስር አስር

ሊፍቱ ከቆመ እነሆ አስራ አንድ ሳምንት። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ቤታቸው ለንደን፣ ኬኒንግተን፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወርድም። ሐሙስ ጠዋት የዓይናቸውን ሞራ የሚገፈፉበት ቀጠሮ አላቸው፤ ዘጠኝ ወር የተጠበቀ ቀጠሮ። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ግራውም እየደከመ፣ ስልካቸው ላይ የልጃቸውን ስም ማንበብ እያቃታቸው ነው።

ልጃቸው ተክለአብ ዊልስደን ይኖራል፤ አውቶቡስ ነጂ ነው። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ካውንስል ጋ ያልደወለበት ቀን የለም፣ መልሱም ያው አንድ ነው፦ በጀት የለም። ለሊፍት ሠላሳ ሺህ ፓውንድ የለም! እሺ፣ ከሌለ የለም ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል? ግን አንድ ቀን እረፍት ላይ ሆኖ የካውንስሉን የወጪ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ቼክ ሲያደርግ ያየው ነገር ደሙን አፈላው። “የነዋሪዎችን እርካታ ለማዳመጥ” ለተባለ ጥናት፣ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ፓውንድ! የአጥኚው ኩባንያ ባለቤት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አምና ጡረታ የወጣው የዚያው የካውንስሉ የቤቶች ኃላፊ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኚህ ሰውዬ ግን ምን ይቆጫቸዋል? ሲሻሩም እየበሉ ነው።

“ይሁን እንግዲህ፣” አለ ተክለአብ። “ቤት ለቤት ዞረን እናዳምጣለን ካሉ ያዳምጡና።” ለእናቱም ደጋግሞ ነገራቸው። “እማዬ፣ አደራሽን፣ ሲመጡ ስለ ሊፍቱ ንገሪያቸው። ሌላ ሌላውን ተዪው፤ ሊፍቱን ብቻ።”

አጥኚዎቹ ሰኞ መጡ፤ እሱ ሥራ ላይ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እናቱ ጋ ሄዶ ስምንቱን ፎቅ እያለከለከ ወጣ።

“መጡ?”

“መጥተዋል የኔ ጌታ። ሁለት ልጆች፣ በእግራቸው! አንዷማ በር ላይ ልትወድቅብኝ ነበር። ላብ በላብ ሆነው ሳይ አንጀቴን በሉት። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ድፎ ቆረስኩላቸው።”

“ስለ ሊፍቱስ?”

ወይዘሮ ሮማንወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “በስልክ የሚያስተረጉም አንድ ጨዋ ልጅ ነበር። ‘እትዬ፣ ኑሮ እንዴት ነው? ከአስር ስንት ይሰጡታል?’ አለኝ።”

“አንቺስ ስንት አልሽ?”

“ተመስገን ነው አልኩ። አስር።”

“አስር?!”

“ታዲያ ምን ልበል? ቤቴ የገባ እንግዳ ላቡ ሳይደርቅ ላማርበት? በሰው አገር ጣራ ተሰጥቶኝ? ሰው ምን ይለኛል!”

ተክለአብ ሊቆጣ ፈለገ። ምን ብሎ ይቆጣል? እሱስ ቢሆን አለቃው “እንዴት ነህ” ሲለው፣ ወገቡ እየተቆረጠ “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” አይደል የሚለው? ሲያሳድጉት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ቢሆንም ተናደደ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

በነጋታው ደወለ። የካውንስሉ ሠራተኛ ድምፅዋ ማር ነው። እናትዎ “እጅግ የረኩ ነዋሪ” ተብለው ተመዝግበዋል አለችው። ስምንተኛ ፎቅ ቅሬታ ስለሌለው የሊፍቱ ጥገና ወደ መጪው ዓመት ተላልፏል።

“እናቴ እኮ በ… በ… ተይዛ ነው!” አለ። ይሉኝታ የሚለውን ቃል እንግሊዝኛው ውስጥ ፈልጎ ፈልጎ አጣው። “እንግዳ ላለማስከፋት ብላ ነው። ነጥቡን ቀይሩልኝ።”

“ነጥብ የሚቀየረው በሁለተኛው ዙር ጥናት ነው።”

“ሁለተኛ ዙርም አለ?”

“አዎ፣ በጀቱ ጸድቋል።”

ስልኩን ከግድግዳ ጋር ሊያላትመው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ጠዋት እናቱን አዘለ። ጎረቤታቸው ዐብዱ ወንበር ይዞ ከፊት ከፊት ይወርዳል፤ በየፎቁ ወንበሩን ይዘረጋና ያሳርፏቸዋል። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው “ማርያም፣ ማርያም” ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ የተክለአብ ጉልበት ከዳው፤ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። ተራቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አዲሱ ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ነርሷ ከልቧ አዘነች፤ ግን ሐዘኗ ምን ይሠራል?

ተመልሰው ሕንፃው በር ላይ ደረሱ። ዐብዱ ወንበሩን ዘረጋ፣ ወይዘሮ ሮማንወርቅ ተቀመጡ። ተክለአብ ትንሽ ተነፈሰና ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ።

“ነይ እማዬ፣ ታዘዪ።”

“አልወጣም።”

“እንዴ! ምን ማለትሽ ነው?”

“እስከዚያ እታወራለሁ፣ ልጄ። አንተም ወገብህ ይሰበራል። አልወጣም አልኩህ።”

ከቢሮው የሕንፃው ኃላፊ ብቅ አለ። ፈገግ ብሎ፣ ይህ የእሳት አደጋ መውጫ ስለሆነ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም አለ፤ ለእርስዎው ደህንነት ነው። ተክለአብ ለእናቱ ሊያስተረጉም ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

“ኖ፣” አሉ ኃላፊውን ቀና ብለው እያዩ። “ሊፍት። ኖ ሊፍት፣ ኖ ጎ።”

ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ሲኖሩ ለፈረንጅ እምቢ ሲሉ ተክለአብ መስማቱ የመጀመሪያው ነው። ሄዶ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዐብዱም ተቀመጠ።

ኃላፊው ስልኩን አወጣ። ለአስራ አንድ ሳምንት የሊፍት ሠራተኛ በጠፋበት ሕንፃ፣ የደወለላቸው ሁለት ጥበቃዎች በሰባት ደቂቃ ደረሱ።