ለቅሶ የመጣችው መኪና

«ትንሽ አሞታል፤ ግን ቢመጡ ጥሩ ነው» አለች እታለማሁ በሟች ወንድሟ ስልክ፣ እንደ ቆሎ አንድ አንድ እያለች በምትወረውራት እንግሊዝኛዋ።

ዓይናዲስ ከሶፋው ጥግ ቀና አለች። የሟቹ ልጅ ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ከዚያ ጥግ የሚያስነሳት አልተገኘም።

«እትዬ፣ ማነው?»

«ቤንጃሚን ነኝ አለ። አባትሽን ነው የሚፈልገው፤ ስለ መኪና።»

«ታዲያ ሞቷል አይሉትም? ጀስት ቴል ሂም።»

«መርዶ በስልክ? ቆሞ ይሁን ተቀምጦ በምን አውቃለሁ? ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

እንግሊዝ አገር፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር ዳገት ላይ ያለችው ሳሎን ጥቁር በለበሰ ሰው ከመጨናነቋ የተነሳ፣ አንዱ ትንፋሽ እንዲያስገባ ሌላው ማስወጣት ነበረበት። ያ ሁሉ ሰው እታለማሁ ልክ ናት አለ። ሀበሻ «ትንሽ አሞታል» ከተባለ ጥቁር ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ይነሳል። እንግሊዝ ግን ትንሽ አሞታል ሲሉት ትንሽ ያመመው ይመስለዋል። ስለዚህ ቤንጃሚን በማግስቱ፣ ሟቹ የተመኛትን መኪና በጭነት መኪና ጀርባ ጭኖ፣ ለበሽተኛው በመስኮት አሳይቶ ሊያስደስተው ከደጅ ቆመ።

ለቀስተኛው መስኮቱን ወረረው። አረንጓዴ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዓይናዲስን በዕድሜ እጥፍ የምትበልጥ የስፖርት መኪና። ከኋላ ሲያዩዋት ሙሽራ፣ ከፊት ግን አፍንጫዋ እስከ ጆሮዋ ገብቷል። ተጋጭታ፣ ኢንሹራንሱ መጠገን አያዋጣም ብሎ የጣላት ናት።

«ሻንሲዋ ተጣሟል» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሆነው። አዲስ አበባ ሳሉ ጋራዥ ነበራቸው ይባላል፤ የሚሉትም እሳቸው ናቸው። «ሻንሲው የተጣመመ መኪና አንተ ቀጥ ስትል እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ሱሉልታ ብሎ የወጣ ሰው ሆለታ ሻይ ሲጠጣ አግኝቼዋለሁ።»

በሩ ጋ የቆመ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

ዓይናዲስ ይህን ክርክር ከአባቷ ከመዝገቡ ጋር ጨርሳው ነበር። መዝገቡ ቲማቲም ለመግዛት ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ድረስ ሄዶ፣ አገላብጦ አገላብጦ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነበር። ጃንጥላ ሲገዛ እንኳ ሱቁ ውስጥ ዘርግቶ ውሃ አፍስሱብኝ ይል ነበር ይባላል። ያ ሰው ባለፈው የበጋ መጀመሪያ የዚችን የተጨፈለቀች መኪና ፎቶ በስልኩ እያሳያት ይቁነጠነጥ ጀመር።

«ዳዲ፣ ቼክ አድርጌያለሁ። ራይት ኦፍ ናት፤ አትጠገንም ተብላ የተጣለች። ብትጠግናት እንኳ ያ ስም አይፋቅላትም። ኢንሹራንስ ያስቸግርሃል፣ ልሽጣት ብትል ማንም አይነካትም። ሌላ መኪና ቢገጫት ደግሞ እንደ ብስኩት ነው የምትፈረካከሰው።»

«እውነትሽን ነው» አላት።

«ሶ? ታዲያ?»

«እውነትሽን ነው አልኩሽ እኮ» ብሎ ፎቶውን አጎላው።

ተናዳ፣ ሁለተኛ ስለ መኪናዋ እንዳያነሳባት ነገረችው። አላነሳም።

ቤንጃሚን ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ደህና ሽማግሌ ነው፤ እጁ ላይ ግራሶ አለበት። አስቀመጡት። ውሃ አቀረቡለት። ጋሽ መርዕድ ከፊቱ ቆመው መርዶውን ከአዳም ጀመሩ፤ ኖኅ ጋ ሳይደርሱ ዓይናዲስ አላስቻላትም።

«አባቴ ሞቷል» አለችው በእንግሊዝኛ።

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ውሃውን በሁለት እጁ ሲያነሳ እታለማሁ አየችና ልቅሶዋን አዲስ ጀመረች።

«እኔ ራሴ አትግዛት ብዬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሻንሲዋ ተጣሟል፣ ወለሏን ዝገት በልቶታል፣ መለዋወጫዋ በፍለጋ ነው አልኩት። ሁሉንም ሰማኝና የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ከሠራህ አራት ዓመት፣ ምናልባትም አምስት አልኩት፤ ተስፋ ላስቆርጠው ብዬ። እሱ ግን ፊቱ በራ። ‹ሐኪሞቹ ይህን ያህል ጊዜ አልቸሩኝም› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።»

«የምን ሐኪሞች?» አለች ዓይናዲስ።

እታለማሁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ባትሪ የምታበራልኝ ልጅ አለችኝ ብሎኝ ነበር» አለ ቤንጃሚን። «ቅዳሜ ቅዳሜ።» ኮፍያውን አገላበጠው። «አባትሽ ካልወሰዳት ዛሬ ማታ ቆራርጦ ዕቃዋን የሚሸጥ ሰው ሊወስዳት ነው። ከፈለግሽ ግን እዚህ አውርጃት እሄዳለሁ። የነገርኩት ግን ላንቺም ያው ነው፤ ጉድለቷ አልተሻሻለም።»

«ይውሰዳት» አለች እታለማሁ። «ደጅ ቆማ ልትዝግብሽ?»

«እዚሁ ትቅር» አሉ ጋሽ መርዕድ። «እኔ አቀናታለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሞተር በሌላት መኪና የወረድኩ ሰው ነኝ።»

«እሱማ ቁልቁለት ነው፣ ጋሼ» አለ በሩ ጋ የቆመው ሰው።

«ቁልቁለቱንስ ስንቱ ቻለው?»

ዓይናዲስ መፍቻ ከመፍቻ አትለይም። ብታስቀራት፣ አባቷ ያልኖረውን አራት ዓመት ደጇ ላይ ታቆማለች። ብትሰዳት፣ ዛሬ ማታ ያንኑ አራት ዓመት በመጋዝ ያርዱታል።

ታች ጥሩምባ ጮኸ። አንድ የቆሻሻ መኪና ሥራውን ጨርሶ ከጠባቧ መንገድ ሊወጣ ቢል፣ የቤንጃሚን ጭነት መኪና ዘግቶበታል። ደግሞ ጮኸ።

«ልጄ፣ ምን ላድርግ?» አላት ቤንጃሚን በቀስታ።

«አላውቅም» አለች። እንደገናም፣ «አላውቅም።»

ጥሩምባው ሦስተኛ ሲጮህ ሽማግሌው ኮፍያውን አደረገና ወረደ። ጠበቀችው፤ ምናልባት ይመለሳል ብላ። ሞተሩ ሲነሳ ነጠላዋን እየጎተተች በደረጃው ተከትላው ሮጠች። ልታስቆመው ይሁን ልትሰናበተው፣ እሷም አታውቅም።

መንገዱ ግራና ቀኙ መኪና የቆመበት ስለሆነ ቤንጃሚን በኋላ ማርሽ መውጣት ነበረበት። አንገቱ አይዞርለትም። በስፖኪዮው አያትና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ፤ ምሪኝ ማለቱ ነው። ሌላ ማን አለ? ከኋላው ቆማ ቀኝ እጇን አነሳች፤ በጣቶቿ ወደ ራሷ እየጠራች ወደ ኋላ ተራመደች። ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ የተጫነችው አረንጓዴዋ መኪና ከነተጨፈለቀ አፍንጫዋ ቀስ እያለች ወደ እሷ መጣች፣ መጣች፣ ማዕዘኑ ላይ ታጠፈችና ወደ ዋናው መንገድ ቁልቁል ወረደች። የቆሻሻ መኪናውም ተከትሎ ወጣ።

እታለማሁ በመስኮት፣ «ብርድ ነው፣ ግቢ እንጂ» አለቻት።

መንገዱ ባዶ ነበር። የዓይናዲስ እጅ ግን አልወረደም፤ ጣቶቿ አሁንም ወደ ራሷ ይጠራሉ።