የመሳቢያው ሽፋን

ፋናዬና ኡምኩልሱም ቦቢል የሚሉትን የመኪና ቤት ገዙ ሲባል ሆልምሊያ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ሳቀ። አንዷ ከማርያም ማኅበር የማትቀር፣ ሌላዋ ሰላቷን የማታዛንፍ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች፣ በፒክአፕ ጀርባ ላይ የተጫነች ቤት ይዘው ኖርዌይን ሊዞሩ ነው። ሳቅ አይከለከልም። እነሱ ግን ሦስት በጋ ዞሩ፤ ያኔ የሳቁት ዛሬ "ለአንድ ቅዳሜ አታውሱንም?" እያሉ ይደውላሉ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ቁልፍ ሲጫኑ ግን አንዱ ጎኗ ወደ ውጭ ይንሸራተትና ለሁለት ሰው የሚበቃ መኝታ ይከፈታል። ስሙንም መሳቢያ አሉት። መሳቢያው የራሱ ጣሪያ አለው፤ የፋናዬ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ደግሞ ጥድ የከበበው ስለሆነ ቅጠሉ እሱ ላይ ይረግፋል። ሳይጠረግ ከተዘጋ ቅጠሉ የመሳቢያውን ጠርዝ ዙሪያውን የሚደፍነው ጎማ ሥር ይሸጎጥና ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት መሰላል ላይ ወጥታ የምትጠርገው ኡምኩልሱም ነበረች። ፋናዬማ ከፍታ ትፈራለች፤ ወንበር ላይ ቆማ አምፖል እንኳ አትቀይርም።

ደግሞስ ኡምኩልሱም እያለች ሌላ ሰው ምን ቤት ነው? ከተማ መሀል አንድ ሕንፃ ሃያ አንድ ዓመት አብረው አጽድተዋል። ፋናዬን ሥራ በጀመረች ዕለት መወልወያ አያያዝ ያሳየቻት እሷ ናት። አትሮጥም፣ አትቸኩልም፣ ዞር ብላችሁ እስክትመለሱ ግን አንድ ፎቅ አልቋል። እጇ ያለፈበትን ወለል ያየ ሰው ጫማውን ሊያወልቅ ይቃጣዋል። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ያንን ግዙፍ መኪና ወደ ኋላ ስታቆም ፈረንጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል። ፋናዬ ይህን ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ አውርታ አትጠግብም።

በዚህ ሰኔ ግን ፍራሹ ረጠበ። ሰኞ ወደ ሰሜን ሊነሱ ቅዳሜ ፋናዬ ፍራሹን ብታነሳው፣ ከሥሩ ያለው እንጨት አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል። ጋራዥ ያለው ሰውዬ ቀደም ብሎ አንድ ነገር ነግሯት ነበር፤ መሳቢያው ሲወጣ አብሮት የሚዘረጋ፣ ሲገባ ተመልሶ የሚጠቀለል ሸራ አለ። ቅጠሉም ውሃውም እሱ ላይ ይቀራል፤ መሰላል መውጣት ቀረ ማለት ነው።

"ኡሙ፣ ሽፋኑን እናስደርገው" አለቻት።

"ናይ፣ አይሆንም" አለች ኡምኩልሱም። "በነፋስ እየተርገበገበ እንቅልፍ ሊነሳን ነው? ጎማው አርጅቶ ነው ውሃ የሚያስገባው።"

"ጎማውን ሰውዬው አየው እኮ፤ ደህና ነው አለ።"

"ስለዚህ አልጠረግሽም ነው የምትዪኝ?"

"ከአፌ ወጣኝ? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ነው ያልኩሽ። እንጨቱ ከበሰበሰ ሌላ ቤት አንገዛም።"

"እንግዲያው ከሸራሽ ጋር ሂጂ" አለችና፣ ሰላት ደርሶባት ስለነበር ወደ ፋናዬ ቤት ወጣች።

ፋናዬ እዚያው ደርቃ ቀረች። በሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ተናግራት አታውቅም። አንዲት ሸራ ጓደኛዬን ልታሳጣኝ ነው ብላ ፈራች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ መሰላሉን አስደግፋ በየደረጃው እመቤቴን እየጠራች ወጣች።

ከወዲህ በኩል ያለው የመሳቢያው ጣሪያ ተጠርጎ ያበራል። ወዲያ ከቤቷ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ግን ሁለት ስንዝር ያህል ጥቁር የቅጠል ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሽበት እንዳወጣ ፂም ጫፍ ጫፉ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። የሳምንት አይደለም፤ የዓመት ነው።

መጀመሪያ ተናደደች። "እኔን ልታበግን!" አለች ለራሷ። ቀጥሎ እጇን ብትዘረጋ፣ እዚያ ለመድረስ ክንድ እስከ መጨረሻው መዘርጋት እንዳለበት ገባት። ያኔ ባለፈው ክረምት ሥራ ቦታ የሆነው ትዝ አላት። "መስታወቱን አንቺ ያዢው፣ ወለሉን ለእኔ ተዪው" ብላት ነበር ኡምኩልሱም፤ ፋናዬም ደግነት መስሏት ለስንቱ ሰው አውርታለች። ለካ ኡምኩልሱምን ትከሻዋን አሟት ነው። ክንዷ ወደ ላይ አይሄድም። በዚያ ትከሻ ነው በየጉዞው እዚህ ወጥታ የምትጠርገው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፋናዬ ግን ልትቆጣት አልሆነላትም። በሆዷ ተኝታ ቅጠሉን በጥፍሯ ፋቀች፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ እንዳስተማረቻት ጥጉን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትወርድ ኡምኩልሱም መሰላሉ ሥር ቆማለች።

"ወጥተሽ ነበር?"

"ወጣሁ። አንድ ቅጠል የለም፤ እንዳልሽው ነው።" ይህ ኡምኩልሱምን የዋሸቻት የመጀመሪያው ውሸት ነው። "ግን ለእኔ ስትዪ እናስደርገው። አንቺ እዚያ ስትቆሚ እኔ እታች ነፍስ አይቀርልኝም።"

ኡምኩልሱም ከላይ እስከ ታች አየቻት። የፋናዬ ሹራብ ከደረት እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል፣ ጸጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቷል። ልታነሳላት እጇን ሰነዘረች፤ እጇ ግን ደረቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ፋናዬ አንገቷን ደፋ አድርጋ ጸጉሯን ወደ እጇ አቀረበችላት።

ኡምኩልሱም አንድ በአንድ ለቀመችላት።

"ሸራው ምን ምን ቀለም አለው?" አለች በመጨረሻ።

"ጥቁርና ነጭ።"

"ነጩን እዘዢ። ጥቁር ቆሻሻ ይደብቃል።"