ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ

«ነፍሷን ይማር፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ? እናትሽ ምን እንደምትፈልግ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም» አለ ምክትል ከንቲባው ራዶይኮ፣ ለሟች ነፍስ ከተቀቀለው ጣፋጭ ስንዴ አንድ ማንኪያ ቀምሶ።

ስታኒያ የያዘችውን የአረቄ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። ለቀስተኞቹ ዞረው አዩአቸው። እናቷ ዶክተር ዴሳንካ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ዴሳንካ የሞራቫን ወንዝ ሙላት ስትለካ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ከተማው ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ሊሠራ መሆኑን ስትሰማ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ጥናት ይዛ ምክር ቤት ገባች። አርባ ደቂቃ ተናገረች። አንዱ አባል እያዛጋ «ታዲያ እንሥራ ወይስ አንሥራ?» ቢላት «ጥያቄው እንዲህ አይጠየቅም» ብላ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ አለፈች። ይሠራ ተብሎ ተወሰነ።

ያን ዕለት፣ በከተማው ሬዲዮ ዜና የምታነበው ስታኒያ «እማዬ፣ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። እኔ ላሳጥርልሽ» አለቻት።

«ሃያ ሁለት ዓመቴን የሳሙና ማስታወቂያ ልታደርጊው ነው?»

ተኳረፉ። በሦስተኛው ሳምንት ዴሳንካ ልቧ ቀጥ አለ።

«መሠረቱ መቼ ነው የሚጣለው?» አለች ስታኒያ አሁን ወደ ራዶይኮ ዞራ።

«ሰኞ። ሐሙስ በጀቱ ከጸደቀ አበቃ።»

«ታዲያ እሷን ደግማችሁ አትጠይቋትም ነበር?»

«ጠየቅናት እኮ! መልሷ ነው የጠፋን!»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ለቅሶ ቤት ነው!» አለች አክስቷ ቮይካ።

ስታኒያን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ሰውየው ትክክል መሆኑ ነው። ጥናቱን ልታመጣ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። መሳቢያውን ስትስብ ሰባት ወረቀቶች አገኘች። ሁሉም «ለተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት» ብለው ይጀምራሉ፤ ሁሉም አራተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ ተሰርዘዋል። በመጨረሻው ወረቀት ጠርዝ ላይ «ለስታኒያ ላሳያት?» ይላል።

«ብታሳዪኝ ምን ነበረበት!» ብላ ወረቀቱ ላይ ጮኸችበት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በንዴት አለቀሰች።

ሐሙስ ጥቁሯን እንደለበሰች ምክር ቤቱ ፊት ቆመች።

«ይህን ሜዳ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ውሃ ውጦታል። አምስተኛው ሲመጣ ውሃው ከሦስት ዓመት ልጅ ራስ በላይ ነው። ከወፍጮው በላይ ያለው የከተማው መሬት ደረቅ ነው፤ ሕንፃውን ወደዚያ ውሰዱት። ጥናቱ የዶክተር ዴሳንካ ነው።»

ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ራዶይኮ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ይኼን ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁንም?» አለ።

ስታኒያ ከንፈሯን ነከሰች። አፏን ብትከፍት የሚወጣውን ታውቀዋለች።

ሥራው አልተሰረዘም። «እስኪጣራ ለስድስት ወር ይቆይ» ብለው እጃቸውን አወጡ።

በሰባተኛው ቀን ከአክስቷ ጋር መቃብር ሄዱ። ቮይካ ጧፍ ስትለኩስ ስታኒያ ወደ መቃብሩ ጎንበስ አለች።

«ስድስት ወር ብቻ ነው የሰጡን» አለች። «አውቃለሁ፣ ትናደጃለሽ።»

ዝናቡ በመቃብሩ ግርጌ በኩል አፈሩን አስምጦታል። ስታኒያ ተንበርክካ፣ የተኛን ሰው ብርድ ልብስ እንደምታለብስ ሁሉ፣ ጭቃውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳብ እያደረገች ትደለድለው ጀመር።