ከኋላ የሚያዝ ቁጥር

"እንደዚያ አይደለም እማማ፣ ከመጨረሻው ነው የሚያዘው" አለ የትንሿ ልጃቸው እጮኛ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ። "መጀመሪያ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ይበሉ። ከዚያ ከእሷ በፊት ያለችውን ይጨምሩ። እንደዚህ የያዙት ቁጥር ቢደነግጡም፣ ቢታመሙም አይጠፋዎትም።"

እናትየው ስልክ አይበረክትላቸውም፤ ካልጣሉት ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ስለዚህ የአማቻቸውን ቁጥር በቃላቸው ሊይዙ ፈልገው እየሳቁ ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ጀመሩ። ትንሿ ልጃቸው አጨበጨበችላቸው። ታላቋ ብቻ ክው ብላ ቀረች።

"አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?" አሏት እናቷ። "ዶክተር ወለድኩ ብዬ፣ ጉልበቴን የሚያሸው ጎረቤት። አሁን ደግሞ ራሷ ልትታመም ነው።"

"ደህና ነኝ እማዬ።"

ቤተሰቡ "ዶክተሯ" እያለ ይቀልድባት እንጂ የሕክምና ሳይሆን የሕግ ዶክተር ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ጥናቷ ሰዎችን እያታለሉ ድንበር ስለሚያሻግሩ ደላሎችና ስለ ተጎጂዎቹ መብት ነው። ከዚያ መንገድ ተርፈው የተመለሱትን ለዓመታት ስታነጋግር ኖራለች። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ነግረዋታል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት አንድ ደላላ የቤተሰባቸውን ስልክ ቁጥር ከመጨረሻው ጀምረው እንዲያጠኑ ያደርጋቸው ነበር። ምክንያቱ የገባቸው በኋላ፣ ታግተው፣ ወደ ቤት ደውለው ማስለቀቂያ እንዲያስልኩ ሲደበደቡ ነው። ከፊት የተያዘ ቁጥር ዱላ ሲበዛ ይጠፋል፤ ከኋላ የተያዘው ግን አይጠፋም። ዶክተሯ ይህን አንድም ቦታ አልጻፈችውም። ደላላው ቢያነበው ማን እንደተናገረ ይገባዋል ብላ ሆድ ይፍጀው አለችው። ታዲያ ይህ ሰው ከየት አመጣው?

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" ይባላል፤ ለእሷ ደግሞ መጠርጠር እንጀራዋ ነው። ውጭ አገር ምን ትሠራ ነበር ሲባል "ያገኘሁትን" ብሎ ማለፉ፣ ስልኩን ሁልጊዜ ደፍቶ ማስቀመጡ፣ ፎቶ ሲነሳ ዞር ማለቱ፣ እስከ ዛሬ ቁጥብነት የመሰላት ነገር ሁሉ አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ሰርጉ ደርሷል። ከሰርጉ በኋላ ትንሿ ሥራዋን ለቅቃ እሱ ወዳለበት ከተማ ልትሄድ ነው። ያ ደላላ እሱ ከሆነ እህቷን በገዛ እጃቸው ሊሸኙለት ነው፤ ይህን ስታስብ ፈራች።

እናትና ትንሿ ሳህኖቹን ይዘው ወደ ማድ ቤት እስኪገቡ ጠበቀች።

"ቁጥር አያያዙን ማን አስተማረህ?"

እጁ ብርጭቆው ላይ ቀረ። "ልምድ ነው።"

"የት የተለመደ?"

"ዶክተር፣ ግብዣ ላይ ነው ያለሁት ወይስ ችሎት ፊት?" ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"እህቴን ልትወስድ ነው። መጠየቅ ይገባኛል።"

ከማድ ቤት የሳህን ድምፅና የትንሿ ሳቅ ይሰማል። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ትንሿ ነግራኛለች። ሰዎቹ የነገሩዎትን ለማንም አያወጡም አሉ። ለፖሊስም፣ ለቤተሰብም።"

"ቃል ገብቼላቸዋለሁ።"

"እንግዲያው እኔንም ከእነሱ እንደ አንዱ ይቁጠሩኝ። እንደ እነሱ የምስጢር ውሉ ላይ ያስፈርሙኝ፣ ድምፄን ይቅረጹ፤ አንድ ሳላስቀር እነግርዎታለሁ። ግን ለማንም አይወጣም። ለእሷም ቢሆን።"

"ተጓዥ ነበርክ ወይስ ደላላ?"

"እዚያ ሁለቱ እርስዎ እንደሚያስቡት አይራራቁም። ያስፈርሙኝና ይስሙት።"

መሬት መሬት ያያል። ተርፈው የመጡትም እንዲህ ያያሉ፤ እናቴ እንዳትሰማ እያሉ ይለምኗታል። አንጀቷን በላት። ግን ደላላም ብልጥ ከሆነ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በገባችው ቃል አፏን አስሮ፣ ሁሉን እያወቀች ሰርጉ ላይ ሊያቆማት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መስማት መፈለጓ ነበር። እንዲህ ከውስጥ የሚናገር ሰው አጋጥሟት አያውቅም። አዲስ ነገር እንዳገኘች ተማሪ ልቧ ሲዘል ሰማችውና በራሷ አፈረች።

"አላስፈርምህም" አለችው። "ለጥናቱ የሚናገር ሌላ ሰው አገኛለሁ። እህት ግን ያለችኝ አንድ ናት።"

"እሷ ከሰማች ትተወኛለች።"

"ብትተውህም ብትቀበልህም ሰምታ ይሁን።"

"ዝም ብልስ?"

"ዝም ማለትህን እነግራታለሁ። ለዝምታህ ቃል አልገባሁልህም።"

ተነሥታ የማድ ቤቱን በር ከፈተች።

"ትንሿ፣ ተይውና ነይ።"

"ምነው፣ ሳህኑን ለእኔ ጥላችሁ ልትጫወቱ ነው?" አሉ እናትየው።

"እማዬ፣ ትንሽ ይቆይ። አንቺም ነይ።"

እህቷን እጇን ይዛ አምጥታ እሱ ፊት ለፊት፣ ራሷ ተቀምጣበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ከኋላዋ ቆመች።

"ቁጥር አያያዙን የት እንደተማርክ አሁን ንገረን" አለችው።

ትንሿ ቀልድ መስሏት ፈገግ እንዳለች ቀና ብላ ፊቱን አየች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መልሱን መጠበቅ ጀመረች።