ከቆርቆሮው በላይ የወጣው

እኔ ኔሜሲያ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ በሚንቀጠቀጥ የማዕድን መለያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጡረታ ሳይወጣ እኔን ያስወጣኛል። ትንሽ ያዘመመ ነው፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ጣውላዎች ተመትተውበታል። የተፈጨው ድንጋይ ከአንዱ ጥግ ይገባል፣ ውሃው ስስ ሆኖ ያጥበዋል፣ ሞተሩ ወደ ጎን ይገፈታትረዋል። ቀላሉ ከውሃው ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል። ከባዱ ጣውላዎቹ ሥር ተሸጉጦ ቀስ እያለ እስከ ጫፍ ይጓዛል። ከላይ ጥቁሩ የቆርቆሮ ማዕድን፣ ከሥሩ የማይረባው ቢጫ ድንጋይ፣ ከዚያ ግራጫው አሸዋ፤ ሁሉም መስመር መስመሩን ይይዛል።

አበልጄ ባሲሊያ ከጎኔ ሆና መስመሮቹን ትለያለች። እዚሁ ማዕድን ይቆፍር የነበረው ባሏ ሴኖን ከጠፋ ቆይቷል። አለቃችን ዶን ፕላሲዶ «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ ከሴት ጋር የአርጀንቲና አውቶቡስ ተሳፈረ» ብሎ ለመንደሩ አውርቷል። ስለዚህ የሙታን ቀን ሲመጣ ሁላችንም ለሟቾቻችን ዳቦ ስንደረድር እሷ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። በሕይወት ላለ ሰው ዳቦ ማቅረብ መግደል ነው። በምትኩ በየሳምንቱ ጥቁር ሻማ ገልብጣ ታበራበታለች፣ ካለበት ዕረፍት እንዳያገኝ።

«ተይ አበልጄ፣ ይበቃሻል» እላታለሁ።

«እሱ እዚያ ጥብሱን እየዛቀ እኔ እዚህ የደረቀ ድንች ላኝክ? አፈር ይብላ!»

ዘንድሮ የቆርቆሮ ዋጋ ሲጨምር ፕላሲዶ «ባዶ ነው» ብሎ የደፈነውን አሮጌ ጉድጓድ አስከፈተ። የዚያ ድንጋይ ከመጣ ወዲህ የጠረጴዛው ድምፅ ተለወጠ። አቧራ የበላው ወንድ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይመስላል። ቀበቶውን ቀየርን፣ ዘይት አጠጣነው፣ ወይ ፍንክች።

«የሴኖን ሳል ነው» አለች ባሲሊያ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። እኔ አልሳቅኩም፣ ፈርቼ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከቆርቆሮው በላይ፣ ምንም መኖር በሌለበት ቦታ፣ ቢጫ ነገር መጥቶ ቆመ። የቢጫው ድንጋይ ቦታ ከቆርቆሮ በታች ነው፤ ከቆርቆሮ በላይ የሚወጣ ከባድ ቢጫ ወርቅ ብቻ ነው፣ የኛ ተራራ ደግሞ ወርቅ የለውም። ሞተሩን አጥፍቼ አነሳሁት። ምስር የሚያክል፣ የተጨፈለቀ የወርቅ ጥርስ ልባስ ነው፤ መሃሉ ላይ ኮከብ ተፈልፍሎበታል። ሴኖን ለሠርጉ ያስገጠመው፣ ሲስቅ መንደሩ ሁሉ የሚያየው።

ባሲሊያ ከመዳፌ ወሰደችው። ጭቃውን በምላሷ ጠረገችና ኮከቡን አየችው።

«ማሽኑን ማን አቆመው?» እያለ ፕላሲዶ መጣ። መዳፏን ከፍታ አሳየችው። ፊቱ አመድ መሰለ፣ የማዕድኑ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«የጉድጓዱ ጣሪያ ተናደበት» አለ። «ብንቆፍር ሁላችንም እናልቅ ነበር። ሬሳ ካለበት ደግሞ መንግሥት ማዕድኑን በሙሉ ይዘጋብናል ብዬ... ወፍጮው አድቅቆ የሚያጠፋው መስሎኝ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ እዚሁ ያደገ ሰው! ወፍጮ ያደቅቃል እንጂ ክብደት አይወስድም፤ ጠረጴዛው ለምን እንደተሠራ ጠፋው።

«ወዲያው ሞተ?» አለችው ባሲሊያ።

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ፕላሲዶ፣ ወዲያው ሞተ ወይ?»

«ድንጋይ ያንኳኳ ነበር። ለቀናት።»

«ጠራኝ?»

«ጠራሽ።»

«እሱ እየጠራኝ እኔ ስረግመው» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዞራ የጠረጴዛውን ዝቅተኛ ጠርዝ አየች፣ ግራጫው ውሃ ስንት ሳምንት ሙሉ ወደ ወንዝ የፈሰሰበትን።

«ኔሜሲያ፣ አጥንት ቀላል ነው አይደል?»

በዚህ ሥራ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ምን ብዬ ልዋሻት።

«ቀላል ነው» አልኳት።

ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ወንዙ ወረደች።